የ47 ደቂቃውን ሥልጠና እንዴት ላሳጥረው? (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ የሥልጠና ባለሙያ፣ አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የግል ባንክ የሥልጠና ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ሐሰተኛ የብር ኖቶችን ስለመለየትና ኖቱ በእጅ ሲገባ ስለሚደረገው ነገር ለገንዘብ ከፋዮች በዋናው መሥሪያ ቤት አዳራሽ የሰጠነውን ሥልጠና ቀርፀን፣ ከአዲስ አበባ ውጭ ላሉት ቅርንጫፎች በቴሌግራም ላክነው። ቪዲዮው 47 ደቂቃ ይፈጃል። ከሁለት ሳምንት በኋላ አሥራ አንድ ቅርንጫፎች ደውዬ ስጠይቅ፣ እስከ መጨረሻው አይተነዋል ያሉኝ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው።

አለቃዬ ከአምስት ደቂቃ ወደማይበልጡ ክፍሎች እንድቆራርጠው ስላዘዙኝ በአሥር ከፈልኩት። ነገር ግን አራተኛው ክፍል «ቀደም ብዬ እንዳሳየኋችሁ» ብሎ ይጀምራል፤ ስድስተኛው ደግሞ ግማሹ የተሳታፊዎች ጥያቄ ሲሆን፣ ጠያቂዎቹ ማይክሮፎን ስላልያዙ ምን እንዳሉ አይሰማም። ለመሆኑ ትክክለኛው ርዝመት ስንት ደቂቃ ነው? ቪዲዮ፣ ድምፅ ወይስ ጽሑፍ ይሻላል? መማራቸውንስ በምን አውቃለሁ?

መልስ 1፦ በሥልጠና ሥራ ረጅም ጊዜ የቆየ አባል

አለቃዎ ስለ ርዝመቱ ያሉት ስሕተት አይደለም፤ ችግሩ የመጣው ለአዳራሽ የተዘጋጀ ንግግር በመቀስ ስለተቆረጠ ነው። የተቀረፀውን እንደ ጥሬ ዕቃ ብቻ ይቁጠሩት። ከዚያ ለእያንዳንዱ አዲስ ክፍል «ሠራተኛው ይህን ከጨረሰ በኋላ ይህን ያደርጋል» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፉ፤ በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ሁለት ድርጊቶች በ«እና» ከተያያዙ፣ ሁለት ክፍሎች አሉዎት ማለት ነው።

በገለጹት ርዕስ ውስጥ ቢያንስ ሦስት ባሕርያቸው የተለያየ ነገሮች ይታዩኛል። የመጀመሪያው ዐይን የሚሠራው ሥራ ነው፦ ኖቱ ዘንበል ሲል ቀለሙን የሚቀያይረውን የደኅንነት ክር መመልከት፣ ወደ ብርሃን አንሥቶ ውስጠ ምስሉን መፈለግ። ይህ ቪዲዮ ይፈልጋል፤ ነገር ግን የአሠልጣኙን ፊት አይፈልግም። ካሜራውን ከላይ አድርገው ሁለት እጆችና አንድ የ200 ብር ኖት ብቻ ይቅረፁ። በእኔ ግምት 90 ሴኮንድ ይበቃዋል፤ የሚያየው ሰው ደግሞ የራሱን ኖት ይዞ አብሮ ዘንበል እንዲያደርግ በመሐል ፋታ ይስጡት።

ሁለተኛው ሐሰተኛ ኖት ሲገኝ የሚከተሉት ቅደም ተከተሎች ናቸው። ይህን በምንም ዓይነት ቪዲዮ አያድርጉት። ገንዘብ ከፋዩ ይህን መረጃ የሚፈልገው ደንበኛው ፊት ለፊት ቆሞ «ምን ሆነ?» እያለ በሚጠይቅበት ሰዓት ነው፤ በዚያ ሰዓት ስልክ አውጥቶ ቪዲዮ የሚከፍት ሰው የለም። በግማሽ ገጽ ላይ በትላልቅ ፊደላት ታትሞ፣ ደንበኛው በማያየው በኩል መስኮቱ ሥር የሚለጠፍ ካርድ ያስፈልጋል። ሦስተኛው፣ ጉዳዩ ለምን እንደሚያሳስብ የሚያስረዳው ክፍል፣ ለሦስት ደቂቃ የድምፅ መልእክት ቢሆን በቂ ነው።

መልስ 2፦ የቀድሞ ገንዘብ ከፋይ፣ አዳማ

ከላይ የተባለውን እቀበላለሁ፤ ሆኖም ማንም ያላነሣው ጥያቄ ሠራተኛው መቼ ያየዋል የሚለው ነው። እኔ በነበርኩበት ቅርንጫፍ ጠዋት ከካዝና ገንዘብ ተረክበን መስኮት ከከፈትን በኋላ ሰልፉ አንገት ቀና የሚያስደርግ አልነበረም። ማታ ደግሞ ቆጠራ አለ፤ የ100 ብር ጉድለት እንኳ ከተገኘ ምንጩ እስኪታወቅ ድረስ ወደ ቤት የሚሄድ አልነበረም። በዚህ መካከል ያለችው ነፃ ጊዜ በሩ ከመከፈቱ በፊት ያለችው አሥር ደቂቃ ገደማ ናት። ስለዚህ ርዝመቱን ከዚህች ጊዜ ተነሥተው ይቁረጡ፤ ከአሥሩ ደቂቃ ውስጥ አራቱ ለማየት፣ የቀረው ለመነጋገር ቢውል ጥሩ ነው።

ዳታውንም ይቁጠሩ። በሴኮንድ 500 ኪሎቢት የሚፈስ የአምስት ደቂቃ ቪዲዮ ወደ 19 ሜጋባይት ይመጣል፤ ያው አምስት ደቂቃ በ32 ኪሎቢት ድምፅ ሲሆን ግን 1.2 ሜጋባይት ብቻ ነው። የእርስዎ የ47 ደቂቃ ቪዲዮ በዚሁ ስሌት 176 ሜጋባይት ገደማ ነበር፤ ሠራተኛው ከኪሱ በገዛው ጥቅል ካላወረደው ሊወቀስ አይገባም።

መልስ 3፦ የዩኒቨርሲቲ መምህር

ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው «ከስድስት ደቂቃ አይብለጥ» የሚለው ምክር ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። ኤድኤክስ በተባለው የኢንተርኔት ትምህርት መድረክ ላይ በ4 ኮርሶች የተመዘገቡ 6.9 ሚሊዮን የቪዲዮ ዕይታዎችን የመረመረና በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ቪዲዮው ምንም ያህል ቢረዝም ተማሪዎች በአማካይ ከስድስት ደቂቃ በላይ እንደማይቆዩ አሳየ። የተለካው ግን የቆይታ ጊዜ እንጂ ዕውቀት አይደለም፤ ተመልካቾቹም ሲሰለቻቸው መተው የሚችሉ ተማሪዎች እንጂ በሥራ ላይ ያሉ ሠራተኞች አልነበሩም። ቁጥሩን እንደ ሕግ አይያዙት።

ለሦስተኛው ጥያቄዎ የተሻለ መነሻ የሚሆነው የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ የሮዲገርና የካርፒኪ የ2006 እ.ኤ.አ. ሙከራ ነው። ጽሑፉን ደግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ብልጫ አሳዩ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ብልጫው ያነበቡትን ለማስታወስ ራሳቸውን ወደፈተኑት ተማሪዎች ዞረ። እንግዲህ ቪዲዮው እንዳለቀ የሚቀርብ ጥያቄ ያታልልዎታል። ከሳምንት በኋላ በቴሌግራም የፈተና ምርጫ (መልሱ ከአማራጮች በሚመረጥበት «Quiz») ሁለት ጥያቄ ይላኩ። ጥያቄውም «ስንት የደኅንነት ምልክቶች አሉ?» የሚል አይሁን፤ «ደንበኛው ካስገባቸው 40 የ200 ብር ኖቶች አንዱ አጠራጣሪ ሆነ፤ እሱም ‹መልሽልኝ፣ ለሰጠኝ ሰው እመልሰዋለሁ› አለ፤ ምን ታደርጊያለሽ?» የሚል ይሁን።

መልስ 4፦ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ፣ ነቀምቴ

በስክሪን የማይተላለፍ አንድ ነገር አለ፤ እሱም መዳሰስ ነው። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የወጡት ኖቶች ዛሬ ብዙ እጅ ዞረዋል። አዲስ ገንዘብ ከፋይ በቪዲዮ «ጎላ ያለውን ኅትመት በጣትህ ፈልግ» ተብሎ ሲማር፣ በላብና በእጥፋት የለሰለሰውን እውነተኛ ኖት «ሐሰተኛ ነው» ብሎ ከደንበኛ ጋር ይጋጫል። በእኔ ቅርንጫፍ ባለፈው ዓመት ሁለት ጊዜ ደርሷል። ስለዚህ ነባሩ ገንዘብ ከፋይ አዲስ፣ ያረጀና በጣም የለሰለሰ እውነተኛ ኖት ጎን ለጎን አስቀምጦ አዲሱን ሠራተኛ ለሩብ ሰዓት ያለማምደው፤ ይህ ወደ አምስት ደቂቃ ፊልም አይታጠፍም።

ሌላው ቋንቋ ነው። እኛ ዘንድ ሥራው በአብዛኛው በአፋን ኦሮሞ ይካሄዳል። ድምፅን በሌላ ቋንቋ ደግሞ መቅዳት የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው፤ ጽሑፍ የታተመበትን ቪዲዮ ግን ከሥሩ ማስተካከል ይጠይቃል። ስለዚህ በቪዲዮው ላይ ጽሑፍ አያስገቡ።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የእጅ ቪዲዮውን ነገ በስልኬ እቀርፃለሁ፤ ካርዱንም በሁለት ቋንቋ አዘጋጃለሁ። አንድ ነገር ግን ይቀረኛል፦ መመሪያው ቢሻሻል በየመስኮቱ የተለጠፈውን ካርድ እንዴት እሰበስባለሁ?

መልስ 1 የሰጡት አባል

ካርዱ ግርጌ ላይ ተራ ቁጥርና የወጣበትን ቀን ይጻፉ፤ አዲሱ ካርድ ሲላክ ሥራ አስኪያጁ አሮጌውን አንሥቶ የአዲሱን ፎቶ እንዲልክልዎ ያድርጉ። ፎቶ ያልመጣበት ቅርንጫፍ አሮጌው እንደተለጠፈ ነው ብለው ይደውሉ።