በዜድ 80 ኢሙሌተሬ ጊዜው ያለፈበት ኢንተራፕት እየገባ አስቸገረኝ

ሰላም ወገኖች። ያለሁት ኮምቦልቻ ነው። ማታ ማታ፣ መብራት ካልጠፋ፣ በሲ ቋንቋ የዜድ 80 ኢሙሌተር (የድሮውን ዜድ 80 ፕሮሰሰር የሚያስመስል ፕሮግራም) እጽፋለሁ። ዓላማዬ በ1982 እ.ኤ.አ. የወጣውን ዜድኤክስ ስፔክትረም የተባለ የቤት ኮምፒውተር ማስነሳት ነው። ኢንስትራክሽኖቹ (የፕሮሰሰሩ ትእዛዞች) ይሠራሉ፤ ያቃጠለኝ ኢንተራፕቱ ነው፤ ማለትም ፕሮሰሰሩን ከያዘው ሥራ አቋርጦ ሌላ የሚያሠራው ምልክት።

መጀመሪያ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚነቃ ሌላ ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሄድ የፕሮግራም ክፍል) ሠራሁና ፕሮግራም ካውንተሩን (የሚቀጥለውን ኢንስትራክሽን አድራሻ የሚይዘውን) በቀጥታ የኢንተራፕቱ ሥራ ወደሚጀምርበት አድራሻ 56 እንዲወስደው አደረግኩ። የጅል ሥራ! ስታኩን (የመመለሻ አድራሻ የሚቀመጥበትን ሜሞሪ) አውጥቼ ሳየው የመመለሻው አድራሻ የሚጠቁመው ባለ 3 ባይት ኢንስትራክሽን መሀል ላይ ነው። ላፕቶፔን ይዤ የሐረጎን አቀበት ወጣሁና ደሴ ላለ ጓደኛዬ አሳየሁት። «ትሬዱ ፍላግ (ኢንተራፕት መጣ የሚል ምልክት) ብቻ ያንሳ፤ ኢንስትራክሽኖቹን የሚያስኬደው ሉፕ አንድ ኢንስትራክሽን በጨረሰ ቁጥር ይፈትሽ» አለኝ። እውነቱን ነበር። ከኢአይ (ኢንተራፕት ከሚፈቅደው ትእዛዝ) ቀጥሎ ያለው ኢንስትራክሽን ሳያልቅ ኢንተራፕት እንዳይገባም አደረግኩ።

አሁን ክራሽ ማድረጉ ቀርቷል። ግን ጌሙ ዲአይ (ኢንተራፕት የሚከለክለውን ትእዛዝ) ብሎ ረጅም ሥራ ሲይዝ ፍላጉ እንደተነሳ ይቆያል። ኢአይ ሲል ያ የቆየ ኢንተራፕት ዘሎ ይገባና ምስሉ ይንቀጠቀጣል። በእውነተኛው ማሽን ምልክቱ የሚቆየው 32 ቲ-ስቴት (የፕሮሰሰሩ ሰዓት ምት) ያህል ብቻ ነው። እኔ ጋ ደግሞ ቲ-ስቴት የሚቆጥረው ሉፑ ነው፤ ትሬዱ የሚያውቀው የላፕቶፑን ሰዓት ብቻ።

ትሬዱን ጨርሼ ጥዬ ሉፑ ራሱ በየ69,888 ቲ-ስቴቱ ፍላጉን አንስቶ ከ32 በኋላ ያውርደው፣ ወይስ ትሬዱን ሳልነካ ይህን የማስተካክልበት መንገድ አለ?