መብራቱ ይሸጣል፣ ሳንቲሙ ክልክል ነው

አወያይ፦
ሰላም ቤተሰብ። የዚህ ሳምንት ክርክር ይሄ ነው። ተራው ሰው ክሪፕቶ (እንደ ቢትኮይን ያለ ዲጂታል ገንዘብ) እንዲገዛና እንዲሸጥ በሕግ ይፈቀድለት ወይስ እንደተከለከለ ይቆይ? ጥያቄውን ያመጣሁት ሳሚ የባንክ አካውንቱ ታግዶበት ሰሞኑን ሲያማርር ስለሰነበተ ነው። እሱ ራሱ ይነግራችኋል።

ለማታውቁት መነሻ ልስጥ። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. መግለጫ አውጥቶ የአገሪቱ መገበያያ ብር ብቻ ነው፣ በቢትኮይንና በመሳሰሉት መገበያየት ሕገወጥ ነው ብሏል። ብዙም ሳይቆይ፣ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ፣ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር (ኢንሳ) በክሪፕቶ ሥራ የተሰማራችሁ ኑና ተመዝገቡ አለ። መንግሥት ደግሞ ቢትኮይን ለሚያመርቱ ኩባንያዎች መብራት በዶላር ይሸጣል። እኔ ግራ የሚገባኝ እዚህ ጋ ነው። ስድብ የለም። ሊንክ የለጠፈ ይወጣል።

ጋሽ ተሰማ፦
እኔ ከክልከላው ጋር ነኝ። 31 ዓመት ባንክ ቤት ሠርቼ ነው ጡረታ የወጣሁት። የውጭ ምንዛሪ ወረፋ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። መድኃኒት አስመጪው ፋይሉን በክንዱ ይዞ ወር ሙሉ ሲመላለስ አይቻለሁ። አሁን አንዱ ዱባይ ተቀምጦ ለእናቱ የሚልከውን ዶላር እዚያው ለነጋዴ ይሰጣል። እዚህ ያለው ሰው ለእናትየው በብር ይከፍላል። ዶላሩ አገር ሳይገባ ቀረ ማለት ነው። እኛ ይሄንን የምናውቀው በሕገወጥ ሐዋላ ስም ነው። ስሙን ክሪፕቶ ብትሉት ያው ነው።

ሌላም አለ። ባንክ ቢከስር እስከ 100 ሺ ብር ድረስ የተቀማጭ ገንዘብ መድን አለ። ስልካችሁ ላይ ያለው ቁጥር ቢጠፋ ማን ይመልስላችኋል?

ኪያ፦
ጋሼ አክብሬዎት ልቃወም። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እንለይ፣ ሁሉም ነገር ክሪፕቶ እየተባለ ተደበላልቋል። ቢትኮይን ባለቤት የለውም። ሳቶሺ ናካሞቶ የሚባል፣ ማንነቱ እስከ ዛሬ ያልታወቀ ሰው ወይም ቡድን በፈረንጆቹ 2008 ሐሳቡን ጻፈ፣ በጥር 2009 ሥራ ጀመረ። ብዛቱ ከ21 ሚሊዮን አያልፍም። ዋጋው ግን እንደ ቲማቲም ነው፣ ዛሬ ሰማይ ነገ መሬት።

እኛ ጋ ሰው የሚገዛው የሚሸጠው ባብዛኛው እሱን አይደለም። ዩኤስዲቲን ነው። ቴተር የሚባል ኩባንያ ያወጣዋል፣ አንዱ ሁልጊዜ አንድ ዶላር እንዲሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ይሄኛው ባለቤት አለው። ኩባንያው ከፈለገ ያግደዋል። ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ "ክሪፕቶ አለህ?" ያለህ ሰው "ዶላር አለህ?" ማለቱ ነው።

እኔ ለውጭ ደንበኞች ዌብሳይት እሠራለሁ። ፔይፓል እዚህ ገንዘብ አያስቀብለኝም። በባንክ ላክልኝ ስለው፣ ለ150 ዶላር ሥራ የማስተላለፊያውን ክፍያ ያይና "የዩኤስዲቲ አድራሻ የለሽም?" ይለኛል። ምን ልበለው? ሥራውን ለናይሮቢ ልጅ ስጥ ልበለው?

ጋሽ ተሰማ፦
ልጄ፣ ዶላር ነው ካልሽ እኮ የኔን ነገር አጸናሽልኝ። ያላሳወቁት ዶላር መያዝ ድሮም ክልክል ነው።

ኪያ፦
እሺ ጋሼ፣ ይቺን ሰጥቼዎታለሁ። 😄 ግን እኔ ደብቄ መያዝ መች አማረኝ? በግልጽ ተቀብዬ ግብሬን ብከፍል ደስታዬ ነው። በየትኛው መስኮት ልክፈል?

ቢኒ፦
እኔ ሃምስተር የሚባለው የቴሌግራም ጨዋታ ላይ አራት ወር ስክሪን ስነካ ከርሜያለሁ። ያ ነገር ክሪፕቶ ነው አይደለም?

አወያይ፦
ቢኒዬ ተራህን ጠብቅ። ሳሚ፣ ግባ።

ሳሚ፦
እሺ። በፒቱፒ፣ ማለትም ሰው ለሰው በቀጥታ፣ ዩኤስዲቲ እሸጣለሁ፣ እደብቃችሁ አይደለም። ለማያውቅ፣ አሠራሩ እንዲህ ነው። መተግበሪያው ላይ 200 ዩኤስዲቲ እሸጣለሁ ብዬ እለጥፋለሁ። ገዢ ሲመጣ ሳንቲሙ እዚያው ይቆለፋል። እሱ በባንክ ብሩን ይልክልኛል፣ እኔ መድረሱን አይቼ "ሪሊዝ" (ልቀቅ) የምትለዋን እነካለሁ፣ ሳንቲሙ ለሱ ይሄዳል። መተግበሪያው የባንክ አካውንቴን አያይም። የሚያየው እኔ ስነካ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ጉዴ አምና ነው። ታክሲ ውስጥ ነኝ፣ ሰው ተጨናንቋል። ገዢው ስክሪንሾት ላከ። ወዲያው ኤስኤምኤስ ገባ፣ 30 ሺ ብር ገደማ ገቢ ተደርጎልዎታል ይላል። አጻጻፉ ቁርጥ የባንኩ። ገዢው ደግሞ "ወንድሜ ቶሎ በል፣ ሆስፒታል ነኝ" ይለኛል። ነካሁ። ስወርድ ባላንስ ባይ 412 ብር። መልእክቱን መልሼ ሳየው የተላከው ከባንኩ ሳይሆን ከ09 ቁጥር ነው። በቃ። ማን ጋ ሄጄ ልክሰስ? ፖሊስ ጣቢያ ገብቼ "ሕገወጥ ዕቃ ስሸጥ ተታለልኩ" ልበል?

ሁለተኛው ይብሳል። ባለፈው ወር ብሩ በትክክል ገባ። ግን የላከው ሰው ስምና የገዢው ስም አንድ አይደለም። አየሁት። ዝም አልኩ። የሚስቱ ይሆናል ብዬ። ለካ የተሰረቀ አካውንት ኖሯል። በሦስተኛው ቀን የኔ ታገደ። ቅርንጫፍ ስሄድ ልጅቷ በትሕትና "ይሄ ገንዘብ የምን ሽያጭ ነው?" አለችኝ። "የስልክ" አልኳት። "ደረሰኝ አለህ?" አለች። የለኝም። ይኸው አምስት ሳምንቴ። የቤት ኪራዬም እዚያው ውስጥ ነው።

ጋሽ ተሰማ፦
አዝናለሁ ልጄ። ግን ባንኩ ትክክል ነው። እኔም ብሆን አግደዋለሁ።

ሳሚ፦
ባንኩን እኮ አልወቀስኩም ጋሼ። የሚያናድደኝ የራሴ ውሸት ነው። እውነቱን ብናገር ሌባው ሊያዝ ይችላል፣ ስሙ አለ፣ ሰዓቱ አለ፣ በመተግበሪያው የተጻጻፍነው ሁሉ አለ። የዋሸሁት እውነቱ ራሱ ወንጀል ስለሆነብኝ ነው።

አወያይ፦
እኔ እንደ አወያይ ገለልተኛ መሆን ነበረብኝ፣ ግን ይቺን ላስምርባት። ክልከላው ሳሚን ከመሸጥ አላስቆመውም። ያስቆመው ከመክሰስ ነው።

ማሂ (ሪያድ)፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ማዳሞቼ ተኝተው ነው የምጽፈው። እኔ ደግሞ ከጋሼም ከኪያም ትንሽ ትንሽ ልውሰድ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ይመራ ከመባሉ በፊት ባንክ ዶላሩን 57 ብር ገደማ ይላል፣ ጥቁር ገበያው እጥፍ ይሰጣል። ጋሼ አይቆጡኝ፣ እናቴ እጥፉን ብትቀበል አልፈረድኩባትም። ያን ጊዜ ክሪፕቶ ላኪልን የሚሉን ልጆች በዙ። ግን አስቡት፣ እናቴ ወልድያ ናት። የሷ ስልክ ባለ ቁልፍ ነው። የክሪፕቶ ቦርሳሽ ቁልፍ የሆኑትን 12 ቃላት በወረቀት ጽፈሽ ደብቂ፣ ካጣሻቸው ገንዘብሽ አለቀ ልበላት? የምትፈልገው ብር ነው፣ በእጇ። ስለዚህ መሐል ላይ ያው ብር የሚሰጣት ሰው መኖር አለበት። እሱን ሰው ማመን ካለብኝ ሳንቲሙ ምን ጨመረልኝ?

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ደግሞ ሌላ ነው። አብራኝ የምትሠራ እህታችን የሦስት ዓመት ደሞዟን "የቢትኮይን ማሽን ተከራዩ፣ በቀን 3 ፐርሰንት" ለሚል የቴሌግራም ቡድን ሰጠች። መጀመሪያ እውነትም ይከፍላሉ። ሁለት ጊዜ አወጣች፣ አምናቸው ዘመዶቿን ሰበሰበች፣ ለእያንዳንዱ ሰው ቦነስ አላት። ከዚያ አንድ ጠዋት ለማውጣት መጀመሪያ "ታክስ" ክፈሉ አሉ። ከፈለች። ቡድኑ ተዘጋ። አሁን አገር ቤት መግባት ታፍራለች፣ ያስገባቻቸው አክስቶቿ ናቸው።

ኪያ፦
ማሂዬ ይሄ ግን ክሪፕቶ አይደለም፣ የድሮው የፒራሚድ ሌብነት ነው። በቀን 3 ፐርሰንት ማንም ማንም አይከፍልም። ገንዘብ ለማውጣት ገንዘብ አምጡ ያለ በሙሉ ሌባ ነው።

ማሂ (ሪያድ)፦
አውቃለሁ እህቴ። እሷ ግን ቢትኮይን ገዛሁ ብላ ነው የምታምነው። ሌባው ያንን ስም የመረጠው ማንም ሰው በትክክል ምን እንደሆነ ስለማያውቀው ነው።

የጋይንት ልጅ፦
እኔ የመብራቱን ነገር ልጠይቅ። በኛ ሰፈር በላይ ትልቁ መስመር ያልፋል። ማታ ማታ ሲያጉረመርም እንሰማዋለን። እታች እናቴ በሶላር መብራት ነው የምታበስለው፣ ምድጃው በማገዶ። ለህዳሴ ግድብ ቦንድ ገዝታለች። ታዲያ ያ መብራት ለቻይና ማሽን ቁጥር ማስቆጠሪያ ሲሆን ምን ልበላት?

ዳኜ (ኤሌክትሪሺያን)፦
ወንድሜ ጥያቄህ ልክ ነው፣ መልሱ ግን ሌላ ቦታ ነው ያለው። ያ የሚያጉረመርመው መስመር ከፍተኛ ቮልቴጅ ነው። ከሱ ላይ ቀጥልልኝ አይባልም። ሰብስቴሽን (የኃይል ማከፋፈያ ጣቢያ) ይፈልጋል፣ ከዚያ ምሰሶ፣ ሽቦ፣ ትራንስፎርመር፣ ቆጣሪ። የጎደለን እሱ ነው። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ አቅሙ 5,150 ሜጋዋት ነው ተብሏል። ያልተሸጠ ኃይል ደግሞ በጎተራ አይቀመጥም።

ማይኒንግ የሚያደርጉትን፣ ማለትም ቢትኮይን የሚያመርቱትን፣ ቅርብ ሆኜ አይቻለሁ። ኮንቴይነር ነው፣ ሰብስቴሽን አጠገብ ተደርድሮ። ውስጡ ከወለል እስከ ጣሪያ የጫማ ካርቶን የሚያህሉ ማሽኖች። ጫጫታው ጀት ሊነሳ ነው የሚመስለው፣ ለሰው መጮህ አለብህ። የሚሠሩት ግምት ነው፣ በሰከንድ እልፍ አእላፍ ግምት። በዓለም ላይ በየ10 ደቂቃው ገደማ አንዱ ይቀናዋል፣ ለሱ 3.125 ቢትኮይን ይሰጠዋል። በየአራት ዓመቱ ሽልማቱ በግማሽ ይቀንሳል። ቻይና በፈረንጆቹ 2021 ስታባርራቸው ርካሽ መብራት ፍለጋ መጡ። እኛ በኪሎዋት ሰዓት 3.14 ሳንቲም የአሜሪካ ሂሳብ ሸጥንላቸው። ዶላር ነው የሚከፍሉት። በዚያ ዶላር ትራንስፎርመር ከተገዛ እናትህ ትጠቀማለች።

የጋይንት ልጅ፦
"ከተገዛ" አልክ።

ዳኜ (ኤሌክትሪሺያን)፦
እሱን እኔም አፌን ሞልቼ አልናገርም። ለማንኛውም ለአዲስ ማይነር ኃይል መስጠት ቆሟል ተብሏል።

ጋሽ ተሰማ፦
ፍቀዱ ለምትሉ አንድ ምሳሌ ልጨምር። ኤልሳልቫዶር በፈረንጆቹ 2021 ቢትኮይንን ሕጋዊ ገንዘብ አደረገች። ሕዝቡ ብዙም አልተጠቀመበትም። በ2025 መጀመሪያ ከአይኤምኤፍ ብድር ስትፈልግ ነጋዴው የመቀበል ግዴታ የለበትም ብላ ሕጓን አሻሻለች። አሜሪካዊ ያቋቋመው ኤፍቲኤክስ የተባለው የክሪፕቶ ገበያም በ2022 ተንኮታኩቶ የስንቱን ገንዘብ ይዞ ወደቀ።

ኪያ፦
ጋሼ ኤልሳልቫዶር ግዴታ አደረገች። እኛ ግዴታ ይሁን አላልንም፣ ይፈቀድ ነው ያልነው። ስለ ኤፍቲኤክስ ካነሱ ደግሞ ባለቤቱ ሳም ባንክማን ፍሪድ 25 ዓመት ተፈረደበት። እዚያ የተበላ ሰው የሚከስበት ፍርድ ቤት አለው። የማሂ ጓደኛ ማንን ትክሰስ?

ጋሽ ተሰማ፦
ይሄኛው ያስኬዳል። በፈቃድ፣ በተመዘገበ ነጋዴ፣ ማንነቱ በታወቀ ሰው ከሆነ ላስብበት። እንዳሁኑ በቴሌግራም ከሆነ ግን አይሆንም።

ቢኒ፦
ኧረ ሃምስተርን መልሱልኝ! አራት ወር ነካሁ፣ ሳንቲሙ የሚወጣበት ቀን መስከረም 16 የደመራ ዕለት ሆነ። እናቴ ደመራ ሂድ ትለኛለች፣ እኔ ስልክ ላይ አፍጥጬ። የገባልኝ የሁለት ማኪያቶ ዋጋ።

ኪያ፦
ክሪፕቶ ነው ቢኒዬ። አንተ ግን ሠራተኛ ሳትሆን ዕቃው ነበርክ። ማስታወቂያ ያየኸው አንተ ነህ።

ቢኒ፦
አንድ ደግሞ፣ "የቴሌግራም ድጋፍ ሰጪ ነኝ" ያለኝ ሰው 12ቱን ቃላት ላክልኝ እያለኝ ነው። ልስጠው?

ሳሚ፣ ኪያ፣ ዳኜ እና ሌሎች 14 ሰዎች፦
አትስጠው!!!

ጋሽ ተሰማ፦
ሳሚ፣ የቱ ቅርንጫፍ ነው? እዚህ ሳይሆን በውስጥ ጻፍልኝ። ሰኞ 4 ሰዓት ላይ አብሬህ እሄዳለሁ። የገባው ገንዘብ ቀንና መጠን፣ ከገዢው ጋር የተጻጻፋችሁትን በሙሉ አትመህ ና። መታወቂያህን እንዳትረሳ። አንድ ነገር ግን ልንገርህ፣ የስልክ ሽያጭ ያልከውን እኔ አጠገብህ ቆሜ አትደግመውም።

ሳሚ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ታዲያ ምን ልበላቸው?