ለጎሽ አደን ባለሁለት በርሜል ጠመንጃ ላሠራ ነው፤ ካሊበርና ሠሪ በመምረጥ እርዱኝ

የተከበራችሁ ወገኖች፣ በዚምባብዌ የዛምቤዚ ሸለቆ ጎሽ ለማደን ስለማስብ በልኬ የሚሠራ ባለሁለት በርሜል ጠመንጃ ለማዘዝ ወስኛለሁ፤ ይሁን እንጂ ካሊበሩን (የጥይቱን መጠንና ዓይነት) እና ሠሪውን መምረጥ አቅቶኛል። የምኖረው በአሜሪካ ሲሆን፣ እስካሁን የለመድሁት ባለ .375 ቦልት ጠመንጃ (ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ መቀርቀሪያው በእጅ የሚሳብ) ነው።

ልቤ ያዘነበለው .470 ናይትሮ ኤክስፕረስ ወደሚባለው ካሊበር ነው። 500 ግሬን (32 ግራም ያህል) የሚመዝን አረር በሰከንድ 655 ሜትር ገደማ ስለሚወረውር ለጎሽ ቀርቶ ለዝሆንም ይበቃል፤ ጥይቱም ከብዙዎቹ የጥንት የእንግሊዝ ካሊበሮች ይልቅ በቀላሉ ይገኛል። ነገር ግን ትከሻን ክፉኛ ይመታል፣ ሁለተኛዋን ጥይት ፈጥኜ ማስከተል ካልቻልሁ ደግሞ ይህን ሁሉ ወጪ ማውጣቴ ትርጉም የለውም። 400 ግሬን አረር የሚተኩሰው .450/400 የተባለው ካሊበር በዚህ ረገድ ይሻለኛል፤ ጎሽ ፊት ለፊት ሲመጣ ግን ይበቃ ይሆን?

የለንደንና የበርሚንግሃም ሠሪዎች ከአቅሜ በላይ ናቸው (ለአንዱ ጠመንጃ ቤት መሸጥ ሊያስፈልገኝ ነው)። ስለዚህ የቀሩኝ የጀርመኖቹ ሃይምና ክሪግሆፍ ናቸው። ክሪግሆፍ ከመተኮስ በፊት በአውራ ጣት ተገፍቶ ምቱን የሚወጥር መሣሪያ ስላለው ደኅንነቱ ይማርከኛል፣ በድንጋጤ ጊዜ መግፋቱን እረሳ ይሆን ብዬ ግን እሰጋለሁ።

ሁለቱ በርሜሎች አንድ ነጥብ እንዲመቱ የሚስተካከሉት በተወሰነ የጥይት ዓይነት በመሆኑ፣ በትእዛዙ ላይ የትኛውን አረር ልጥቀስ? እነዚህን ጠመንጃዎች የተጠቀማችሁ ብትመክሩኝ ውለታችሁ ትልቅ ነው።