ከልጄ እምብርት ሽንት ይወጣል፤ እንጠብቅ ወይስ ኦፕራሲዮን ይደረግ?

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። የሦስት ወር ልጄ እትብቱ ከወደቀ በኋላም እምብርቱ አልደረቀም። ሲያለቅስና ሲያምጥ ጠራ ያለ ፈሳሽ ጠብ ጠብ ይላል፤ ሽታው የሽንት ነው፣ ልብሱም ሁሌ እምብርቱ ላይ ክብ ሠርቶ ይረጥባል። ጎረቤቶቼ ቅቤ ቀቢው ይሉኛል። እኔ ግን እሺ አላልኩም፤ ክፍት ቦታ ላይ እንዴት ቅቤ ይደረጋል?

አልትራሳውንድ ሲነሳ «ዩራከስ አልተዘጋም» ተባለ። ጽንስ እያለ ከሽንት ፊኛ ወደ እምብርት የሚሄድ ቱቦ ነው፤ ሳይወለድ ተዘግቶ ጅማት መሆን ነበረበት። አንዱ ሐኪም እስከ ስድስት ወሩ በራሱ ሊዘጋ ስለሚችል እንጠብቅ ይላል፣ ሌላው ኢንፌክሽን ሳይገባው ቱቦው በኦፕራሲዮን ይውጣ ይላል። ሁለቱም ግን ፊኛው በቀለም ራጅ ይታይ ብለዋል፤ ታች የሽንት መውጫው ከተዘጋ መጀመሪያ የሚታከመው እሱ ነው።

በዚህ ያለፋችሁ እናቶች፣ የሕፃናት ቀዶ ሐኪሞችም፦ ጠብቃችሁ የተዘጋላችሁ አላችሁ? የቀለም ራጁ ለጨቅላ የት ይሠራል? እስከዚያ እምብርቱን በምን ላጽዳው? ከቀላ፣ መግል ከያዘ ወይም ካተኮሰው በሌሊትም ቢሆን አምጪው ተብያለሁ፤ ከዚህ ማታ መኪና ማግኘት ከባድ ስለሆነ ከወዲሁ መወሰን እፈልጋለሁ። እባካችሁ የምታውቁትን ንገሩኝ።