ወንድሜን ማዕከል ሳላስገባ ቀን ቀን ማን ይያዝልኝ?

ወንድሜ 31 ዓመቱ ነው። የአእምሮ እድገት ውስንነት አለበት። ራሱ ይለብሳል፣ ራሱ ይበላል። ገንዘብ መቁጠርና መንገድ መለየት ግን ይከብደዋል።

ካዛንቺስ እያለን ብዙም አንጨነቅም ነበር። ባለሱቁ መልሱን በላስቲክ ቋጥሮ ኪሱ ይከትለታል። ራቅ ካለ ያየው ሰው እጁን ይዞ ቤት ያደርሰዋል። በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ ወደ ገላን ጉራ መጣን። እዚህ ሕንጻው ሁሉ አንድ ስለሆነበት የሰው በር ያንኳኳል። አንዳንዱ ይጮህበታል።

እናታችን ጉልበቷን ታማለች። እኔ ጠዋት ወጥቼ ማታ ነው የምገባው። ሠራተኛ ቀጠርን፤ ቆልፋበት ስትወጣ ደረስንባትና አሰናበትናት። የቀን ማዋያ ጠየቅሁ፤ አዋቂ አንቀበልም አሉኝ።

አሁን አንድ ማዕከል በአዳሪነት ሊቀበለው ፈቅዷል። ሄጄ አየሁት። ንጹሕ ነው፣ ምግቡም አይከፋም። ሰዎቹ ግን ግድግዳ ተደግፈው ነው የሚውሉት፣ ከግቢ አይወጡም። ዘመድ ሁሉ «አስገቢውና ተገላገይ» ይለኛል። እኔ በፍጹም አልተዋጠልኝም። ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት እንኳ አንቀጽ 19 ላይ በማኅበረሰቡ ውስጥ፣ ከነድጋፉ፣ የመኖር መብት አለው ይላል። ድጋፉን ነው ያጣሁት።

ከፎቃችን በታች ያሉ አንዲት እናት በክፍያ ሊያውሉት ፈቃደኛ ናቸው። ግን ሲናደድ ይፈሩታል፣ እሱም ገና አልለመዳቸውም። እንዲህ ያለ ወንድም ወይም ልጅ ያላችሁ፣ አዲስ ጎረቤትን ከእሱ ጋር ያለማመዳችሁት ከምን ጀምራችሁ ነው?