የስታርች ላስቲኬ ትሪው ላይ እየተሰነጠቀ ነው፣ ቶሎ ድረሱልኝ!

እናት በሶ (ደብረ ብርሃን)፦ እባካችሁ የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ። በሶ የማሽግበት "የሚበሰብስ" ስስ ላስቲክ ከድንች ስታርች እየሠራሁ ነው። ጠዋት ያፈሰስኳቸው ሁለት ትሪዎች ከሰዓት ላይ ጠርዛቸው ተቆልምሞ መሐላቸው እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጠቀ። አምስት ትሪ ገና እርጥብ አለ። ቅዳሜ ለባዛር ማድረስ አለብኝ። የተጠቀምኩት 50 ግራም ስታርች፣ 1 ሊትር ውኃና ሁለት ማንኪያ ግሊሰሪን ነው። ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው? የተሰነጠቀውስ ይድናል?

ቆላው (ሸዋ ሮቢት)፦ እህቴ፣ እዚህ በዚሁ ልክ ሲሠራ አይሰነጠቅም። ግሊሰሪን ጨምሪበት። አቼቶም ጠብ አድርጊበት፣ ያለሰልሰዋል።

ጠባሴ፦ በኅዳር ደብረ ብርሃን ላይ እንኳን ስታርች የሰው ከንፈርም ይሰነጠቃል! የት ነው ያሰጣሽው?

እናት በሶ፦ ቆርቆሮው ላይ። ፀሐዩ ጥሩ ነበር።

አረንጓዴ ሸዋ፦ መጀመሪያ "የሚበሰብስ" የሚለው ቃል ይጣራ። በ1999ኙ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ተከልክሎ የነበረው ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር በታች የሆነና የማይበሰብስ ፌስታል ነበር። ሱቅ ውስጥ "የሚበሰብስ" ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ብዙው የስታርች ከረጢት ፒቢኤቲ ከሚባል ፖሊስተር (አንድ የላስቲክ ዓይነት) ጋር የተቀላቀለ ነው፤ እሱም የሚበሰብስ ቢሆንም ብዙ ጊዜ በደንብ የጋለ የኮምፖስት ክምር፣ ወደ 58 ዲግሪ አካባቢ ይፈልጋል። ኢኤን 13432 የተባለው የአውሮፓ መለኪያ በ12 ሳምንት ውስጥ 90 በመቶው ተሰባብሮ ከ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት እንዲያልፍ ይጠይቃል። የአንቺው ንጹሕ ስታርችና ግሊሰሪን ስለሆነ ተራ የፍግ ጉድጓድ ይበቃዋል። ከረጢቱ ላይ ስትጽፊ ይህን ልዩነት ለይተሽ ጻፊ፤ ገዢው ፌስታሉንም አብሮ ጉድጓድ ውስጥ እንዳይጥለው።

እናት በሶ፦ አመሰግናለሁ፣ ግን አሁን ያስጨነቀኝ ስንጥቁ ነው።

የመንዝ ልጅ፦ እኔ ደግሞ ከሥሩ እጠይቃለሁ፤ ለበሶ ይህ ላስቲክ ለምን አስፈለገ? ስታርች ደረቅ እስከሆነ ድረስ አየርና ዘይት ያግዳል፣ እርጥበት ግን አያግድም። ክረምት ሲገባ ይላላል፣ በሶውም ይረጥባል። ራሱ ምግብ ነውና ነቀዝና አይጥም ይደፍረዋል። ወፍራም ወረቀት በስታርች ሙጫ ተጣብቆ ይሻላል።

ጠባሴ፦ ለክረምት ልክ ነህ። ለቅዳሜ ባዛርና ለአንድ ሁለት ሳምንት ግን ችግር የለውም።

ድንች ነሽ፦ ግሊሰሪን ጨምሪ። ግሊሰሪን ነው ችግሩ።

ሚዛን፦ ሁላችሁም ግሊሰሪን ትላላችሁ፣ ግን ማንኪያው የትኛው ነው? የሾርባ ከሆነ ሁለቱ 38 ግራም ገደማ ነው፤ ያ ቢሆን ኖሮ ላስቲኩ እጅ ላይ ይጣበቅ ነበር እንጂ አይሰነጠቅም። የሻይ ከሆነ 12.5 ግራም ገደማ፣ ማለት ከስታርቹ ክብደት 25 በመቶ ነው። ለቆላ ይበቃል፤ ለደጋ ደረቅ ነፋስ ያንሳል። የስታርችን ላስቲክ የሚያለሰልሰው ግሊሰሪኑ ብቻ አይደለም፣ አየር ላይ ያለው እርጥበትም ነው። የሸዋ ሮቢቱ ወንድሜ በዚያው ልክ የሚሳካለት ለዚህ ነው።

እርጥቡን አምስት ትሪ አሁኑኑ ከቆርቆሮው አውርጂ። የላዩ ፊት ቶሎ ደርቆ ሲኮማተር ሥሩ ብረቱን ሙጭጭ ብሎ ስለሚይዝ መሐሉ ይቀደዳል። ቤት አስገብተሽ በስስ ሻሽ ሸፍኚው፣ ሻሹ ግን አይንካው። አጠገቡ ውኃ የሞላ ሰፌድ... ይቅርታ፣ ሳፋ አስቀምጪ። ከ24 እስከ 48 ሰዓት ቀስ ብሎ ይድረቅ። ዛሬ የፈሰሰና ገና እንደ አጥሚት የሆነ ካለ ደግሞ ወደ ድስቱ መልሺው፣ 4 ግራም ግሊሰሪን በትንሽ ሙቅ ውኃ በጥብጠሽ ጨምሪና እንደገና አሙቂው። ይህ ለ50 ግራም ስታርች ነው፤ ጠቅላላው ከ15 እስከ 17 ግራም ይሁን። ከ20 አትለፊ።

ሚዛን፦ ሌላው ማብሰሉ ነው። ደብረ ብርሃን ከፍ ያለ ቦታ ስለሆነ ውኃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ሸዋ ሮቢት 95 አካባቢ። የድንች ስታርች ከ60 ዲግሪ በላይ ማበጥና መወፈር ይጀምራል፤ ስለዚህ ጥርት ሲል የበሰለ ይመስልና ይወርዳል። ያልፈረሰ ቅንጣት ግን ይቀራል፣ ስንጥቁም ከእሱ ይነሣል። ከጠራ በኋላ ክዳኑን ገጥመሽ ዝግ ባለ እሳት 20 ደቂቃ አቆዪው፣ በቀስታ አማስዪ። አትምቺው፣ አረፋ ይገባበታል። ከዚያ 10 ደቂቃ አሳርፈሽ አፍስሺ። ለ30 በ40 ሳንቲ ሜትር ትሪ 270 ግራም ያህል ይበቃል፤ ሲደርቅ ወደ 0.1 ሚሊ ሜትር ይወጣል። ትሪው ደልዳላ ቦታ ላይ ካልተቀመጠ አንዱ ጎን ይሳሳል፣ መሰንጠቅም ከዚያ ይጀምራል።

ቆላው፦ አቼቶውስ?

ሚዛን፦ ተወው። አሲድና ሙቀት የስታርቹን ሰንሰለት ይቆራርጡታል። ትንሹ ጄሉን ያቀጥነዋል፤ ሲበዛ ላስቲኩን ያደክመዋል። የእሷ ችግር ድክመት ስለሆነ የባሰ ያደርገዋል።

እናት በሶ፦ የሻይ ማንኪያ ነው! አምስቱንም አስገባኋቸው። የተሰነጠቁት ሁለቱስ? ደግሞ ከትሪው አልላቀቅ አሉኝ።

ሚዛን፦ የተሰነጠቀው ፈርሶ አይሠራም፤ አንዴ ደርቆ የተያያዘ ስታርች ተመልሶ በደንብ አይሟሟም፣ ይጓጉላል። ለፍግ ስጪው። ያልተሰነጠቀውን ክፍል ግን በጉልበት አትላጪው። ትሪውን እርጥብ ጨርቅ ካለበት የተዘጋ ሳጥን ውስጥ አሳድሪው፣ ጨርቁ እንዳይነካው። ሲለሰልስ በጠርዙ ይነሣል። ለወደፊቱ ትሪው ላይ ለስላሳ የጠረጴዛ ላስቲክ አንጥፊ፣ በራሱ ይለቃል።

ድንች ነሽ፦ በካውያ ነው የሚዘጋው?

ጠባሴ፦ አይሆንም፣ እንደ ፌስታል አይቀልጥም። ብቻውን በካውያ ቢተኮስ ይጠቁራል። ጠርዙን በጣት ውኃ አርጥበሽ አንድ ሳንቲ ሜትር ደራርቢና ከባድ ነገር ጫኚበት፤ ራሱ ሙጫ ነው። ውኃው ከበዛ ይቦጨቃል። በሶውን ከመሙላትሽ በፊት ስፌቱ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ።