የባዮጋዝ ቧንቧ ዝገትን ቀድሞ መተንበይ፦ የጋራ ፕሮፖዛል ረቂቅ (ጅማ)

ሰብሳቢ፦ ከእሸት ቡና ገለፈት ጋዝ የሚያመርቱ አባሎቻችን የብረት ቧንቧቸው መቼ እንደሚበሳ ቀድመው ማወቅ ይፈልጋሉ። ለቀማው ጥቅምት ላይ ሲጀምር ልኬቱም እንዲጀመር ረቂቁ መስከረም ሳይወጣ ይለቅ። ሐሳባችሁን ጻፉ።

የምህንድስና ተማሪ፦ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣ የዴ ዋርድና ሚሊያምስ ቀመር አለ። ሙቀትና የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት ሲገባለት በዓመት ስንት ሚሊሜትር እንደሚበላ ያወጣል። ከእሱ ብንነሳስ?

የኬሚስትሪ መምህርት፦ ወንድሜ፣ ያ ቀመር ሃይድሮጂን ሰልፋይድን አያውቅም። የእኛ ጋዝ ደግሞ የገማ እንቁላል የሚሸተው በእሱ ነው። ሰልፋይዱ ውሃ ውስጥ ሟሙቶ ብረቱን ይበላል፤ ወዲያው ግን ጥቁር የብረት ሰልፋይድ ሽፋን ይጋገርበታል። ሽፋኑ ከጸና ዝገቱን ያዘገየዋል። አንድ ቦታ ከተላጠ እዚያችው ላይ ጠልቆ ይበሳል። ስለዚህ የተመዘኑ የብረት ቁራጮች ቧንቧው ውስጥ እንስቀልና ወቅቱ ሲያልቅ አጽድተን እንመዝን። የጎደለው ሚሊግራም በ87.6 ተባዝቶ ለብረቱ እፍጋት (7.86)፣ ለስፋቱ በካሬ ሴንቲሜትር እና ለሰዓቱ ሲካፈል በዓመት ሚሊሜትር ይሰጣል። የጉድጓዶቹ ጥልቀት ግን ለብቻው ይለካ፤ ቧንቧ የሚያፈሰው በአማካዩ አይደለም።

በያጅ፦ እኔ ዘንድ የሚመጣው ሁሉ የተበሳው ዝቅ ብሎ ውሃ ያቆረበት ላይ ነው። ሌሊት ሲቀዘቅዝ ቧንቧው ውስጡን ያልበዋል። ደረቅ ቦታ ብቻ ከሰቀላችሁ ገንዘቡ ባከነ።

የኬሚስትሪ መምህርት፦ እውነትዎን ነው ጋሼ፣ ደረቅ ጋዝ ብዙም አይጎዳም። ገለፈቱ ተብላልቶ ጋዝ ከሚሆንበት ከማብላያው መውጫ፣ ዝቅተኛው መታጠፊያ እና ምድጃው አጠገብ ይሁን።

አንድ አባል፦ ጋዙን ጨምቆ በሲሊንደር መሸጥስ አይካተትም?

የኬሚስትሪ መምህርት፦ አሁን አይሁን፣ እባካችሁ። አይሶ 15156 የተባለው የነዳጅና ጋዝ መስፈርት የሰልፋይዱ ከፊል ግፊት (ከጠቅላላው የጋዝ ግፊት የእሱ ድርሻ) 0.3 ኪሎፓስካል ከደረሰ ብረት ሊሰነጠቅ ይችላል ብሎ ጥንቃቄ ያዛል። ጅማ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት 82 ኪሎፓስካል ገደማ ስለሆነ ያልተጨመቀ ጋዝ እዚያ የሚደርሰው ሰልፋይዱ 3,600 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ 3,600) አካባቢ ሲሆን ነው። በ10 ባር ከተጨመቀ 300 ይበቃዋል። ስንጥቅ እንደ ዝገት ጊዜ አይሰጥም፣ በተለይ ብየዳ ዳር ብረቱ ከጠነከረ።

በጀቱ ላይም የጋዝ መለኪያው ይቅደም። ሰልፋይዱ 100 ፒፒኤም ሲያልፍ አፍንጫ ስለሚደነዝዝ ሽታው ጠፋ ብሎ ማንም ማብላያው ውስጥ እንዳይገባ።

ሰብሳቢ፦ ሲሊንደሩ ወጥቷል፣ መለኪያው አንደኛ መስመር ላይ ገብቷል። ለሚዛኑ ለጅማ ዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ እጽፋለሁ። ጋሼ፣ ቁራጮቹን ከዚያው ከቧንቧው ብረት ይቁረጡልን።

የምህንድስና ተማሪ፦ ቀመሩን እንግዲህ ለማወዳደሪያ አስገባዋለሁ፤ ከልኬታችን የሚለይበት ሰልፋይዱ የሠራውን ለመገመት ይረዳናል። የሙቀትና የግፊት መመዝገቢያውን ቅጽ እስከ ዓርብ አደርሳለሁ።